ለወንድሜ ጠርሙስ የማልጽፈው ቃል

ሰኔ ፲፯ ቀን። ዕድሜዬ ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

ለውድ ዋርሳዬ፣ ለሟቹ ወንድሜ ባለቤት፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ የምድር ቤቱን ደረጃ መውጣትና መውረድ ይፈቅድልሻል ወይ? በጎቹስ በወይኑ መስመሮች መካከል የበቀለውን አረም ጨርሰው ወደ ላይኛው እርከን ተሻገሩ? የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ስንጥቅ ተደፈነ? እኔ፣ ዓይኔ ከሰዓት በኋላ ከመድከሙ፣ እጄም ብዕር ሲይዝ ከመንቀጥቀጡ በቀር ደኅና ነኝ። የፊደሎቼ መንጋደድ ከእርጅና ብቻ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ከንዴትም ነው።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ከልማዴ ውጪ አሳጠርሁት፤ የተቆጣ ሰው ሰላምታ ሲያረዝም ግብዝ ይሆናልና።

በጋዜጣ የጠቀለልሽው ጠርሙስና ደብዳቤሽ ባለፈው ሐሙስ ደረሱኝ። ደብዳቤሽ አጭር ነው። «ይህ ባለቤቴ በእጁ የጠመቀው የመጨረሻው የወይን ጠጅ ነውና፣ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የሚሰፍር እንደ ወትሮው ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉልን፤ የአባቱን ሙያ ልጁ መረከቡንም ባይረሱ» ይላል። ከሠርግሽ ቀን ጀምሮ አንቱ እንዳልሽኝ አለሽ፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብሁት። በመጨረሻ መነጽሬን አውልቄ ወረወርሁት፤ አልተሰበረም፤ አለመሰበሩም አናደደኝ።

በእጁ የጠመቀው። ባለፈው ለቀማ የወንድሜ እጅ የት እንደ ነበረ አንቺም እኔም እናውቃለን። ብርድ ልብስ ላይ ነበረ። በማንኪያ የምታጎርሽው አንቺ ነበርሽ። ፍሬውን ያስለቀምሽ፣ ያስጨመቅሽ፣ ጭማቂውን ከገንዳ ወደ በርሜል ያዛወርሽ፣ ዝቃጩን ከጥሩው የለየሽ አንቺ ነሽ። እሱ ከተቀበረ በኋላም ጥቁር ልብስሽን እንደ ለበስሽ በርሜሎቹን እየዞርሽ የጎደለውን የሞላሽ አንቺ ነሽ። ሰው ራሱን ከገዛ ሥራው ላይ ሲሰርዝ አይቼ አላውቅም አልልም። የሚሰርዘው ብዕር የእኔ እንዲሆን መጠየቅሽ ግን ቆሽቴን አሳረረው።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ልጅሽ መጥቶ ነበር። አልነገረሽ ይሆናልና እኔ ልንገርሽ። ከሕፃንነቱ «አለቃ» ያልነው ለቀልድ ነበር፤ ቀልዱ አብሮት አድጎ ሹመት ሆነ። ገና በጠዋቱ በሬን አንኳኳ። ወንበሩ ላይ የነበሩትን መጻሕፍት አንሥቶ መሬት ላይ ደርድሮ ተቀመጠና ዙሪያውን ቃኘ።

«አጎቴ፣ እስካሁን ይህን ሁሉ አንብበው አልጨረሱም?» አለኝ።

«አንዱን ስጨርስ ሌላውን እረሳለሁ» አልሁት።

ሳቀ። ሳቁ የአባቱ ነው፤ እሱን አልክድም። ከዚያ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ በጣቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። ቁልፉን ለየሁት። የምድር ቤቱ ቁልፍ ነው፤ ብረቱ በብርድ ጊዜ ጣትሽን ስለሚያቃጥልሽ እጀታውን በቆዳ የጠቀለልሽው። ሲያሽከረክረው ቆዳው ተላቆ ይንጠለጠል ነበር።

«ይህ ከማን እጅ መጣ?» አልሁት።

«እማዬ ሰጠችኝ። ደክሟታል፤ ትረፍ። ከእንግዲህ ምድር ቤቱ የኔ ኃላፊነት ነው» አለ።

ከዚያ ዕቅዱን ዘረገፈልኝ። የላይኛው እርከን ወይን አርጅቷልና ከሥሩ ይነቀላል። የመድኃኒት መርጫ ማሽን ታዝዟል። በመስመሮቹ መካከል ባቄላ ዘርቶ መልሶ አፈር ማልበስ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ማዳበሪያ በከረጢት ይመጣል። በጎቹ ይሸጣሉ። «አባዬ ደግ ሰው ነበረ» አለ፤ «ለወፎች አንድ መስመር ሙሉ ሳይለቀም ይተው ነበር። ወፍ ደንበኛ ነው እንዴ?»

«ወፎቹ የራሳቸው መስመር ስላላቸው የሌላውን እምብዛም አይነኩም። ደግሞም ያንን የጀመረው አባትህ አይደለም» አልሁት።

«ታዲያ ማነው?»

«እናትህን ጠይቃት።»

ይህን ስለው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «እማዬማ ብርጭቆ ነው የምታጥበው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። «አፍንጫው የአባዬ ነው፤ አፍንጫ ደግሞ ይወረሳል» ብሎ የራሱን አፍንጫ በጣቱ መታ መታ አደረገ። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይባላል። እሱ አፍንጫውን ሲመታ ሊያለቅስ የቃጣው የእኔ ዓይን ነበር።

የሚፈልገውን አርቅቆ ይዞ ነበር የመጣው። «የአባት የመጨረሻ እጅ፣ የልጅ የመጀመሪያ ለቀማ ብለው ይጻፉልኝ። ጠጁን የሚወስደው ነጋዴ የሚጠብቀው ይህን ነው። ዛሬ ሰው የሚገዛው ጠጅ ሳይሆን ታሪክ ነው» አለኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ስጽፍ ኖሬ እንደሚሸጥ ከእሱ መስማቴ ነው።

አለቃ ደጄን የረገጠው አጎቱ ናፍቆት እንዳልሆነ ለአንቺ መንገር አያሻኝም። አባታችን በአልጋው ላይ ሳለ የፈረደውን ፍርድ ስለሚያውቅ ነው። «መሬቱ ለታናሽ፣ ቃሉ ለታላቅ» ብሎ እርሻውን ለወንድሜ፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውን ቃል ለእኔ ሲሰጥ፣ ዘመድ ሁሉ «አንዱ እርሻ ወረሰ፣ ሌላው ወሬ ወረሰ» እያለ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልከፋኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ እጅ ያልተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። አባታችን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቀኝ፤ «ያልሆነውን እንዳትጽፍ» ብሎ። በረዶ በመታን ዓመት በረዶ መታን ብዬ ጻፍሁ። በጎቹ አጥር ጥሰው የታችኛውን ማሳ በግማሽ በጨረሱት ዓመት «ይህ ከበግ የተረፈ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዉም እየሳቀ ጠጣው። ያለፉትን አሥራ ሁለት ወረቀቶች ግን አውጥተሽ ብታያቸው ሁሉም ስለ ዝናብ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አፈር ናቸው። ስለ ጠማቂው አንድ ቃል የለባቸውም። ከአፍንጫሽ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ይህ ግን በዓይንሽ ሥር አለፈ።

አዎን፣ አውቃለሁ። ዘንድሮ አይደለም ያወቅሁት።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ወንድሜ በዚያ ክፉ ትኩሳት ወር ሙሉ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ነጋዴውና ሚስቱ ለምሳ ተጠርተው፣ እኔም ከከተማ መጥቼ ነበር። አንቺ አንዲት በግ ምጥ ይዟት በረት ውስጥ ነበርሽ። አንዱ ሠራተኛ ከበርሜል እንዲቀዳ ታዝዞ፣ ላምባ ተቀምጦበት በነበረ ጆግ ቀድቶ አመጣ። ሽታው ከጆጉ ቀድሞ በበሩ ገባ። የነጋዴው ሚስት መሐረቧን አወጣች። ወንድሜ ግን ቀዳ፣ ብርጭቆውን አዟዟረ፣ ወደ ብርሃኑ አነሣው፣ አፍንጫውን ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «የበሰለ ፍሬ ነው» አለ፤ «ከኋላውም ትንሽ የማር ሽታ አለው።»

ነጋዴው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ፋኖስ ልታበራ መስሎኝ ነበር» አለው።

ወንድሜም አብሮ ሳቀ። በምን እንደሚሳቅ ግን አላወቀም። ጠረጴዛው ዙሪያ ካለነው መካከል ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እየሳቀ ዓይኑ በሩን ይፈልግ ነበር። አንቺን ይፈልግ ነበር። በዚያው ቅጽበት እጅጌሽን እንደ ሰበሰብሽ ገባሽ። ከደፉ ላይ ቆመሽ አንድ ጊዜ ተነፈስሽ፤ ጆጉን አየሽ፣ ባልሽን አየሽ፣ ነጋዴውን አየሽ። «ቀልድህን ጨረስህ? በል አሁን ደኅናውን ላምጣላቸው» ብለሽ ጆጉን አንሥተሽ ወጣሽ። በአንድ እስትንፋስ እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰው እኔ በጻፍኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ አልፈጠርሁም።

ከዚያ በኋላ መመልከት ጀመርሁ። ስትቀጂለት የደረሰውን በቀኙ፣ ገና የሚቆየውን በግራው ታስቀምጫለሽ። የተበላሸ ካለ ጉሮሮሽን ትጠራርጊያለሽ። ሰዉ ደረትሽን የሚያምሽ መስሎት፣ የነጋዴው ሚስት የሳል ሽሮፕ እስከ መላክ ደርሳ ነበር። እሱ ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን አንቺ በትሪው ላይ አስቀድመሽ ያመለከትሽው ነው። በአገር ምድሩ «ያ አፍንጫ» ተባለ። ምላሱ ኮምጣጣና ጣፋጭ ከመለየት በቀር ሌላ አይነግረውም ነበር፤ አፍንጫውማ በዚያ ትኩሳት ሞቶ ተቀብሯል።

ስለ አፍንጫ ከተነሣ፣ የአንቺን በመጀመሪያ ያወቅሁት እኔ እንደ ነበርሁ ታስታውሻለሽ? ወንድሜና እኔ ወደ አባትሽ ችግኝ ጣቢያ በሄድንበት ቀን፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን መጽሐፍ ሳላወጣው፣ «ይህ መጽሐፍ ዝናብ መቶታል፤ ደግሞ ከሎሚ አጠገብ ተቀምጧል» አልሽኝ። ያኔ አንተ ነበር የምትይኝ። ሁለቱም እውነት ነበረ። ወንድሜ ችግኙን ገዝቶ ተመለሰ፤ በዓመቱም አንቺን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሠርጋችሁ ባለፈ ሳምንት እኔ ወደ ከተማ ገባሁ። ሰው ትምህርት ጠርቶት ነው አለ፤ ይበል።

ወደ ቁጣዬ ልመለስ።

ለባልሽ ስለ ሸፈንሽለት አልቆጣሽም። ይህን በግልጽ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ማለዳ ከጨመቃ ቤቱ በስተጀርባ ባለው መቀመጫ ላይ ሁለታችሁን ሳታዩኝ ሰማኋችሁ። «ዛሬ ምን ይሸታል?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም ነገርሽው። እርጥብ ድንጋይ አልሽው፤ የበግ ሱፍ፤ በርሜል ውስጥ ያጤስሽው ድኝ፤ ከላይኛው እርከን የሚመጣ የባቄላ አበባ። አንዱን እስኪያስታውስ እየጠበቅሽ ሌላውን ትጨምሪለት ነበር። «የባቄላውን አገኘሁት» አለሽ፤ አላገኘውም፤ አንቺም እንዳላገኘው እያወቅሽ «ጎሽ» አልሽው። እኔ ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስሁ። ሰው ለሰው አፍንጫ ሲሆን አይቼ ልቆጣ አልችልም። ሌላ ነገር ተሰምቶኝ ይሆናል፤ ቁጣ ግን አልነበረም።

የምቆጣሽ ዋጋው የደረሰው ከሁለታችሁ አልፎ ስለሆነ ነው። ጠጅ ቀማሽ ባለሙያዎች በመጡበት ቀን አንዲቱ ሴት ወደ አንቺ ዞራ «እርስዎስ ይቀምሳሉ?» ብላ ጠየቀችሽ። «እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ» አልሻት። ሁሉም ሳቁ። ወንድሜ ከሁሉም በኋላ ነው የሳቀው። ልጅሽ ያን ቀን ወንበር ሲያመላልስ ነበር፤ ሰምቶሻል። እንግዲህ ያ ቃል ዛሬ ከአፉ ቢወጣ ማን አስተማረው? ሌላ ሰው ብሎሽ ቢሆን አፉን ታስይዢው ነበር። አንቺ ግን ራስሽን ራስሽ ሰደብሽ፤ ልጅሽም ስድቡን እንደ እውነት ተቀበለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እነሆ ነቅዞ ልጅሽ እጅ ላይ ወጣ።

ይህም አልበቃሽም። ባለፈው ለቀማ ወንድሜን ልጠይቅ መጥቼ ሰንብቼ የለም? አለቃ የታችኛውን ማሳ ለብቻው ይዞ፣ ለሻጋታ መከላከያ ብሎ ፍሬው ሊለቀም ሲል መድኃኒት ረጨበት። ጨመቀው፤ ገንዳውን ሞላ፤ ጠበቀ። ጭማቂው ሞቶ ተኛ። በዚያ ቤት እርሾ ከሱቅ ገብቶ አያውቅም። ፍላቱ የሚነሣው ከፍሬው ቆዳ ላይ ካለው ነው፤ ቆዳው ላይ ያለውን ደግሞ እሱ ገድሎታል። ሌሎቹ ገንዳዎች ሲንተከተኩ የእሱ እንደ ኩሬ ዝም አለ። ሠራተኞቹ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያሉ ከበስተኋላው ሲሳሳቁ እሱ ገንዳውን በጡጫ ይመታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እርከኑ በወጣበት ጊዜ፣ አንቺ ከራስሽ ገንዳ የሚፈላውን ጭማቂ በባልዲ ሞልተሽ በፊቴ አለፍሽ። «ወዴት ነው?» ብልሽ «ለበጎቹ ነው» አልሽኝ። እኔ ምንም የከተማ ሰው ብሆን፣ በግ የሚፈላ ጠጅ ተሸክመው ሲያጠጡት አይቼ አላውቅም። በማግሥቱ የአለቃ ገንዳ ተነሣ። እየሮጠ መጥቶ አባቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ፈላ። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው ብዬ አልነበር?» አለ። አንቺም ትራሱን እያስተካከልሽ «ብለህ ነበር» አልሽው።

ብለህ ነበር። ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ። ያን ቀን «መድኃኒትህ ገደለው፤ ከኔ ገንዳ ነው ያስነሣሁልህ» ብትይው ያፍር፣ ይማርም ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራ አይሸሽም። አሁን ግን መርዙ እንደማይጎዳ፣ አፍንጫ እንደሚወረስ፣ እናቱም ብርጭቆ እንደምታጥብ በዓይኑ ያረጋገጠ ሰው ሆኗል። ከሁለት ወር በኋላ ለቀማ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ማሳውን ሁሉ ይረጫል። ያኔ ገንዳው ሁሉ ዝም ሲል ባልዲሽን ከየትኛው ትሞዪዋለሽ? ለአንድ ወንድ ሸፈንሽ፤ በፍቅር ነው። ለሁለተኛው ስትሸፍኚ ግን ልማድ ሆነ፤ ልማዱም አባታችን የተከለውን፣ አንቺም ያለ መርዝ ያኖርሽውን ወይን ከሥሩ ሊነቅል ነው።

ሙት ወቃሽ አይሁኑ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እሱንም አስቤበታለሁ። ወንድሜን ከነክብሩ ነው የቀበርነው፤ ከመቃብሩ አውጥቼ ላሳፍረው የምሻ ይመስልሻል? ስሚኝ። ሊሞት በተቃረበበት ሰሞን፣ አንቺ ሾርባ ልታሞቂ ስትወጪ፣ «በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ስለ እኔ መጻፍ የተውኸው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምለው ጨነቀኝ። «የአየሩ ነገር ብዙ ስለሆነ ቦታ አይበቃኝም» አልሁት።  ከዚያ እጄን ያዘና «አመሰግናለሁ» አለኝ።  ሾርባውን ይዘሽ ስትገቢ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ ስናወራ ነበር ያገኘሽን። አንቺ የሁለት ሰው ምስጢር የመሰለሽ የሦስት ሰው ነበረ፤ ማወቄን እሱም ያውቅ ነበር። እንግዲህ በሕይወት ሳለ ያልዋሸሁለት ወንድሜ ከሞተ በኋላ እንድዋሽለት የሚፈልግ አይመስለኝም።

ስለዚህ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

የላክሽውን ጠርሙስ ከፍቼ ሁለት ጣት ያህል ጠጣሁ። ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሕጉን እጥሳለሁ። ከከለከለኝ ወዲህ ከአንቺ በቀር የሌላ ሰው እጅ የነካውን ጠጅ ጠጥቼ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ስለ ጣዕሙ አልነግርሽም፤ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት የጠመቀችው፣ ሐዘኗን ግን ደጅ ትታ ወደ ምድር ቤት የወረደች ሴት የጠመቀችው ነው። ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፍሁም። የጻፍሁት ይህ ነው፦ «በዚህ ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ ፍሬው አነሰ። ከተረጨው ማሳ የተለቀመው እዚህ ውስጥ የለበትም።» ከዚህ ቀጥሎ ጠማቂዋ ብዬ ስምሽን ከነአባትሽ ስም አሰፈርሁ። የባልሽን ስም አላስጠጋሁበትም። በመጨረሻም «ያለፉትን አሥራ ሁለት ዓመታት የጠመቀችውም እሷው ናት» ብዬ ዘጋሁት። አባታችን ያልሆነውን እንዳትጽፍ ነበር ያለኝ፤ የሆነውን ለመጻፍ ፈቃድ አያስፈልገኝም።

ዛሬ ጠዋት በእግሬ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋው። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው።

«መምህር፣ የሴት ስም ነው ያለበት። አልተሳሳቱም?»

«ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ የወንድ ስም ታይበት ነበር» አልሁት።

«አለቃ ሌላ ነገር ነው የነገረኝ፤ ቢቆጣኝስ?»

«ቁጣ ከፈለገ እኔ ጋ ሞልቷል፤ ላከው።»

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ፊደሉን ይቆጥር ጀመር። ሲታተም እሽጉን ለማንም እንዳይሰጥ፣ በእጅሽ ብቻ እንዲያስረክብ አስምየዋለሁ። በሳምንት ውስጥ ይደርስሻል።

ከዚያ በኋላ ምርጫው የአንቺ ነው። መሬቱ ዛሬ በአንቺ ስም ነው፤ ልጅሽ የያዘው ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱንም የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ወረቀቱን በጠርሙሶቹ ላይ ለጥፈሽ፣ ልጅሽን በምድር ቤቱ በር ላይ አስቁመሽ፣ ቁልፉን አምጣ ልትዪው ትችያለሽ። ይጮኻል፤ ያኮርፋል፤ አንድ ወር አያናግርሽ ይሆናል። ከዚያ ግን ጠመቃ የሚማርበት ሰው እቤቱ እንዳለ ያውቃል። ወይም እሽጉን እንደ መጣ ምድጃ ውስጥ ልትከቺው ትችያለሽ። እሱንም አልከለክልሽም። ሌላ ግን አልጽፍም። ያ ሁሉ ጠርሙስ ያለ ወረቀት እዚያ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማን እንደ ሠራው ሳይታወቅ። ለአሥራ ሦስት ዓመት እንዴት እንደሚቀመጡ ታውቂበታለሽና ለጠርሙሶቹ አስተምሪያቸው።

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ጨካኝ ነው ብዬ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ተውሁት። ትቆጪ ዘንድ ነው የጻፍሁት። ተቀይመሽኝ ከእንግዲህ ጠርሙስ ባትልኪልኝ ለእኔ ቀላል ቅጣት እንዳይመስልሽ፤ ግን እቀበለዋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዝናቡን በጊዜው፣ ነፋሱን በልኩ ያድርግልሽ። ልጅሽን ከራሱ ይጠብቅልሽ። በርሜልሽ አይጉደል፤ የምድር ቤትሽ ደረጃም ለሌላ ሳይሆን ለአንቺ እግር የተሠራ ይሁን።

ከዚህ በታች የሰረዝሁትን መስመር ለማንበብ ወደ መስኮት ይዘሽው እንዳትሄጂ። በደንብ አድርጌ ነው የሰረዝሁት፤ ደግሞም ለአንድ ሽማግሌ የሚገባ ቃል አልነበረም።

የባልሽ ታላቅ ወንድም

ይህ በደብተሬ የቀረው ግልባጭ ነው፤ ደብዳቤውን አሽጌ፣ ልቤ ሳይመለስ፣ ዛሬውኑ ልኬዋለሁ።